የምራቶቹ ክፍል በያዮ

ሱቁን ለልጄ ለፎዚያ ካስረከብኩ ወዲህ ሥራዬ በር ላይ መቀመጥ ነው። እሷ ገና በመጀመሪያው ሳምንት የቡና ጆንያ የሚደረደርበትን ርብራብ አስወጥታ በቦታው የስልክ መሸፈኛ ሰቀለች። የድሮ ደንበኛ ከገጠር ሲመጣ "አባባ፣ ሰው መጥቶልሃል" ትለኛለች። ሰውዬው የመጣው ቡና ሊያሳየኝ ነው፤ እኔ ያለኝ የስልክ መሸፈኛ ነው። ጤና እንጠያየቃለን፣ ስለ ዝናቡ እናወራለን፣ ይሄዳል።

የበጎ አድራጎት ክበባችን ይህን ሰምቶ "ጡረታ ወጥተሃልና የሥራ ዘመንህን ትዝታ ጻፍልን" አለኝ። ነጋዴ ደግሞ ምን ጡረታ አለው ብዬ ልከራከር ነበር፤ ተውኩት። ስለ ንግዱ ብጽፍ ቶሎ ያልቅብኛል። ገዛሁ፣ ሸጥኩ፣ አንዳንዴም ዋጋ ወረደብኝ። እንቅልፍ የነሳኝና ጨጓራዬን ከሐኪም ጋር ያስተዋወቀው ሌላ ሥራ ነው፤ ትልልቅ ሰዎችን ማንበብና መጻፍ የማስተማሩ ሥራ። ደሞዝ አልነበረውም፤ ስለ ክፍያ የምጽፈው ይኸው ነው። ወረቀት ግን ሞልቶት ነበር። ለዞን፣ ለወረዳ፣ ለቀበሌ፣ ሁሉም ማኅተም ይፈልጋል። ስለ ወረቀቱም ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ክበቡ ውስጥ የገባሁት በስህተት ነው ማለት ይቻላል። ያኔ ሊቀመንበራችን የነበረው ፋርማሲስት ሱቄ መጥቶ "ክበብ አቋቁመናል፣ ግባ" ሲለኝ የእግር ኳስ መስሎኝ ነበር። መለያ ልገዛላቸው ተዘጋጅቼ ስብሰባው ላይ ስደርስ አስተማሪው፣ ነርሱ፣ የግብርና ባለሙያው፣ የሆቴሉ ባለቤት ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩ ትንሽ ደወል አንቃጨለና "ለኅብረተሰቡ ምን እናድርግ?" ብሎ ጠየቀ። ሁሉም የተማረ ነው፣ ሁሉም ደንበኛ ይሆናል ብዬ አሰብኩና ቀረሁ። ደንበኛ የሆነኝ ነርሱ ብቻ ነው፤ እሱም ለጨጓራዬ።

የማንበብ ፕሮጀክቱ ሲመጣ አስተባባሪነቱን ለእኔ ሰጡኝ። እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ከጅማ በኩል በቅሎ እየነዳ መቱ የገባው አባቴ ሱቅ ውስጥ ነው ያደግሁት፤ የመጀመሪያ መጽሐፌ የሳሙና ካርቶን ነው። በኋላ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ በኦሮምኛ ሲሆን ቁቤውንም፣ ያን የላቲን ፊደል፣ ከመንገድ ዳር ታፔላ ለቀምኩት። ለዚህ ይሆን የሰጡኝ ብዬ አስቤ ነበር። ሊቀመንበሩ ግን ቆይቶ እውነቱን ነገረኝ፤ ቤት ለቤት እየዞረ ሰው መለማመጥ የማያፍር ሌላ አባል አልነበራቸውም።

ሥራው ይኼው ነበር፣ መለማመጥ። መጀመሪያ ቤት ይፈለጋል። የቀበሌ አዳራሽ ይሰጡናል፣ ስብሰባ ሲመጣ ያስወጡናል፤ ስለዚህ ሰው በፈቃዱ የሚሰጠው ቤት ይሻላል። ከዚያ ሰሌዳ። ኮምፔርሳቶ እንገዛለን፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰብረን ጥቁሩን ዱቄት እንወቅጥና በቅጠል ጭማቂ አሽተን እንቀባዋለን። ሁለት ጊዜ ካልተቀባ ጠመኔው ይንሸራተታል። ከሁሉም የሚከብደው ሰዓቱ ነው። የገበያ ቀን አይሆንም፣ የለቅሶ ቀን አይሆንም፣ ቡና ሲደርስማ ጭራሽ አይታሰብም። ከዚያ ባሎች አሉ። ባል "ተማሪ፣ ማን ከለከለሽ" ይላል፤ በማግስቱ ውሃው አልተቀዳም ብሎ ያስቀራታል።

እኔ ስጉ ሰው ነኝ። ገበያ ላይ ስጋት ይጠቅማል፤ ከዋጋ መውረድ ቀድሞ ያስሸጣል። ክፍል በር ላይ ቆሞ ባዶ አግዳሚ ለሚያይ ሰው ግን ሥቃይ ነው። ጠዋት ደመና ካየሁ ዛሬ አይመጡም እላለሁ። ፀሐይ ከወጣ ደግሞ ቡና ሊያሰጡ ቀሩ እላለሁ። ባለቤቴ ዘይነባ "አንተ ሰውዬ፣ እነሱ ፊደል እየተማሩ አንተ ምን ሆነህ ነው የምትከሳው?" ትለኝ ነበር።

ይህን ሥራ ያስተማሩኝ ጋሼ ታደሰ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ በኢሉባቦር ገጠር ያስተማሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ቤት መቀመጥ ያልሆነላቸው ሰው ነበሩ። ክበቡ ውስጥ ከሊቀመንበሮቹ ሁሉ የማዳምጠው እሳቸውን ነበር። ፋርማሲስቱ ሄዶ የግብርናው ሰው ሊቀመንበር ሲሆን ሥልጠና ማዘጋጀት ወደደ፤ ስለ ማስተማር ሆቴል ውስጥ ብዙ ተሰበሰብን። ጋሼ ታደሰ ስብሰባው ላይ ያንቀላፉና ሲያልቅ ነቅተው "እህስ ሰዒድ፣ መቼ ነው የምንሄደው?" ይሉኝ ነበር።

ልማዳቸው ብዙ ነው። ከተማሪዎቹ በፊት ደርሰው ሰሌዳውን ራሳቸው ይጠርጋሉ፤ ትናንት የተሳሳተ ሰው ዛሬ ስህተቱን ተጽፎ እንዳያገኘው። ቆመው አያስተምሩም፤ ዱካ ላይ ይቀመጡና ከሴቶቹ ዝቅ ይላሉ። አንዲት ሴት ስትሳሳት በዳስተር አያጠፉም። በመዳፋቸው ያብሱትና "እኔ አጣምሜ ጽፌው ነው" ይላሉ። እሳቸው ከጻፉ ደግሞ በማስመሪያ የተጻፈ ይመስል ነበር፤ ማንም አያምናቸውም፣ ማንም አይከራከራቸውም።

የእኛው ኢሉባቦር ቡሬ ላይ ክፍል ስንከፍት አንዲት ጉልት ቸርቻሪ ሰሌዳውን አንብባ መጽሐፉ ሲሰጣት ትደነዝዝ ነበር። እኔ ገና ከሩቅ ሳያት ይቺ ልታቋርጥ ነው ብዬ ደመደምኩ። ጋሼ ታደሰ መጽሐፉን በክንዷ ልክ አርቃ ስትይዝ አይተው "ዓይን ነው" አሉ። ከጅማ የንባብ መነጽር በካርቶን አመጣሁ። ሴትዮዋ አድርጋው ጎረቤቷ "ዳኛ መሰልሽ፣ ስንት ትፈርጂብናለሽ?" ብትላት ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን በኋላ ዓይኑ ደህና የሆነውም ሁሉ መነጽር ጠየቀኝ። ቡሬ ደህና ሄደ። ያስጨነቀኝ ያዮ ነው።

የያዮው ክፍል ከአስፋልቱ ወጥቶ በቡና ጫካው ውስጥ በእግር የሚኬድ መንደር ውስጥ ነበር። ቤቱን የሰጡን ኦቦ ገመዳ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ብዙ ወንዶች ልጆች አሏቸው፣ ወንድሞቻቸውም ሰፈሩን ሞልተውታል። ያንን ጎጆ ማር ያስቀምጡበት ነበር፤ "ለፊደል ይሁን" ብለው ቀፎውን አስወጡት። ግድግዳው እስከ መጨረሻው ማር ማር እንደሸተተ ነው። ተማሪ ሆነው የመጡት ሴቶች በሙሉ ማለት ይቻላል የእሳቸው ወይም የወንድሞቻቸው ልጆች ሚስቶች ነበሩ።

ጋሼ ታደሰ ማስተማር ከመጀመራቸው በፊት እንደ ልማዳቸው በየቤቱ ዞሩ። ከኋላ ከኋላቸው ስከተል ሴቶቹን ስለ ልጆች፣ ስለ እርሻ ይጠይቃሉ፤ በጨዋታው መሃል ደግሞ ለቤቱ አሮጊት "አማቷ ማን ይባላሉ? የባሏ ታላቅ ወንድምስ?" ይላሉ። ቡሬም እንዲሁ ሲያደርጉ አይቼ ነበር። የዘር ሐረግ መቁጠር የሚወዱ ሰው ናቸው ብዬ አለፍኩት። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ዘመድ ይፈልጋሉ።

ከምራቶቹ ሁሉ ጫልቱ ትበልጥ ነበር። የኦቦ ገመዳ ልጅ የለሚ ሚስት ናት። ልጇን በጀርባዋ አዝላ፣ ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘች ነበር የምታነበው፤ ከተቀመጠች ልጁ ይነቃል። ትንሽ ዘግይታ መጥታ ሁሉንም ቀደመቻቸው። አንድ ቀን ከክፍል ስትወጣ መንገድ ላይ የወደቀ የስኳር ከረጢት ቁራጭ አንስታ ቆማ ስታነብ አገኘኋት። እኔ ካርቶን ያነበብኩበት ዕድሜ ትዝ አለኝና ምንም ሳልላት አለፍኩ።

ለሚ ግን አልወደደውም። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቡናው ብዙ ነው፣ ለቃሚ ደግሞ የለም። ቡናው መቅላት ሲጀምር ክፍል ድረስ መጥቶ "ኦቦ ሰዒድ፣ ይብቃ" አለኝ። እንደ ነጋዴ ተደራደርኩት። ከአዲስ አበባ መጽሐፉን የሚገዙልን የእናት ክበባችን ሰዎች ሊጎበኙን ነው፣ እስከዚያ ቆይ አልኩት። ትንሽ አሰበና ነገሩን በአጭሩ ቆረጠው።

"እንግዶቹ ፊት ካነበበች ትቀጥል። ካላነበበች ግን ጊዜ አታባክንብኝ፤ ቡናዋን ትልቀም። ቃል?"

"ቃል" አልኩት። ጫልቱ አጠገባችን ቆማ ትሰማ ነበር። ፈገግ እንኳ አላለችም። ያን ቀን ሌሊቱን ሙሉ ተገላበጥኩ፤ በሰው ዕቃ ተወራርጄ እንደመጣሁ ነው የተሰማኝ።

እንግዶቹ ሊመጡ ሲቃረቡ ጋሼ ታደሰ ታመሙ። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል ተብሎ መቱ ሆስፒታል ተኙ። በእሳቸው ፈንታ የክበቡ ጸሐፊ መምህር ደረጀ ተተካ። ደረጀ ጎበዝ ሰው ነው፤ የከተማ ልጅ፣ ሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምር፣ ኦሮምኛው ከእኔ የጠራ። ለእንግዶቹ የሚነበብ አዲስ ምንባብ እንጻፍ አለ። ሴቶቹ ቀድመው ያላዩት መሆን አለበት፤ ያለዚያ ሸምድደውታል ይሉናል። ልክ ነው አልኩት። ታዲያ ስለ ምን ይሁን?

እዚህ ላይ ነው የንግድ ጭንቅላቴ የሠራው። ቤቱን የሰጡት ሽማግሌ በዕለቱ ከእንግዶቹ ጎን ይቀመጣሉ። ምንባቡ ስለ እሳቸው ቢሆን ሽማግሌው ይደሰታሉ፣ እንግዶቹም የኅብረተሰቡን ድጋፍ ያያሉ፣ ምናልባት ሁለተኛ ቤት ይሰጡን ይሆናል። ደረጀ ወደደው። "ኦቦ ገመዳ ደግ ናቸው። ኦቦ ገመዳ ቤት ሰጡን። በኦቦ ገመዳ ቤት እንማራለን" እያለ በኦሮምኛ ጻፈው። እኔ ከጎኑ ቁጭ ብዬ "ስማቸውን እዚህም ጨምር" እላለሁ። ያለ ስማቸው ያለፈ መስመር አልነበረም። አጥፌ፣ ሴቶቹ እንዳያዩት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ከጉብኝቱ በፊት ጋሼ ታደሰን ልጠይቅ ሆስፒታል ሄድኩ። ከንፈራቸው ደርቋል፣ ቃላቸው ይጎተታል። ላለማስጨነቅ ሁሉም ነገር ተሰናድቷል አልኳቸው።

"ምንባብ... ማን ጻፈ?"

"ደረጀ ነው ጋሼ። ጥሩ አድርጎ።"

ዓይናቸውን እንደጨፈኑ "አማቶቻቸውን ጠይቃችኋል?" አሉ።

የምን አማት ብዬ ግራ ገባኝ። ነርሷ መጥታ ታካሚው ይረፉ ስትለኝ ወጣሁ። መድኃኒቱ ነው የሚያናግራቸው ብዬ አዘንኩ። 

የጉብኝቱ ዕለት ሰማዩ በደመና ከብዷል። እንግዶቹ በሁለት መኪና መጡ። መሪያቸው ወይዘሮ ሰብለ የምትባል፣ አነጋገሯ የረጋ፣ ልብሷ ጭቃ ሲነካው ቅር ያላላት ሴት ነበረች። አብሯት ኦሮምኛ የሚችል አንድ ሰውዬ አለ። ኦቦ ገመዳ ኮታቸውን ለብሰው ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ለሚ በር ላይ ተደግፎ ቆመ። ደረጀ ምንባቡን ሰሌዳው ላይ አሳምሮ ጻፈው። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ።

ጫልቱ የመጀመሪያዋ ሆና ተጠራች። ልጇን እንዳዘለች ተነስታ ሰሌዳውን አየች። ዓይኗ ከላይ እስከ ታች ሲወርድ አየሁት፤ አንብባዋለች። ከዚያ ሻሿን ወደ አፏ ሳበች።   "አይዞሽ" አልኳት። ማንበብ ጀመረች። ሁሉም ቃል ትክክል ነው፤ ገመዳ ተብሎ የተጻፈበት ቦታ ስትደርስ ግን "ጃርሲቻ" ትላለች፤ ሽማግሌው ማለት ነው። ሽማግሌው ደግ ናቸው። ሽማግሌው ቤት ሰጡን። በሽማግሌው ቤት እንማራለን።

ኦሮምኛ የሚችለው ሰውዬ ወደ ወይዘሮ ሰብለ ጆሮ ጎንበስ አለ። እሷ በጨዋ ደንብ ሌላ ሴት ትሞክር አለች። ሁለተኛዋም ሽማግሌው አለች። ሦስተኛዋ ጭራሽ አፏን ሸፍና ቀረች።

ያኔ ገባኝ።  በዚያ አገር ምራት የአማቷን፣ የወንድሞቹንም ስም አትጠራም። እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ አትጠራም፤ እፊቱማ ጨርሶ። እኔ ይህን ገበያ ላይ ስሰማው ነው ያረጀሁት። ሴት ማር ልትሸጥልኝ ስትመጣ "ያ የላይኛው ቤት ሰው ልኮኝ ነው" ትለኛለች፣ ማንን ማለቷ እንደሆነ እረዳለሁ፣ እናልፋለን። ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ስም ግን ስም ነው ብዬ አላሰብኩም። ለእኔ ጽሑፍ ካርቶን ላይ ያለ ነገር ነው። ጋሼ ታደሰ ያን ሁሉ ቤት ዞረው የለቀሙት ስም ለዘር ሐረግ አልነበረም፤ ሰሌዳው ላይ እንዳይጽፉት ነበር። እኛ ደግሞ ከአገሩ ስም ሁሉ መርጠን፣ ክፍሉ በሙሉ ሊጠራው የማይችለውን፣ ባለቤቱን ፊት ለፊት አስቀምጠን ጻፍነው።

ከሁሉም ያሳቀቀኝ ኦቦ ገመዳ ናቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ስማቸው እዚያ መኖሩን አያውቁም። የሰሙት ምራቶቻቸው ሽማግሌው ቤት ሰጡን ሲሉ ነው። ደስ ብሏቸው ፂማቸውን ይዳስሳሉ። ከዚያ ቤት ውስጥ ደስ ያላቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ወይዘሮ ሰብለን ወደ ውጭ ጠርቼ አስረዳኋት። ስናገር ለራሴም ሰበብ ይመስለኝ ነበር። ሌላ ምንባብ ይሰጣቸው ብዬ ለመንኩ። ሾፌሩ ሰማዩን እያየ መንገዱ ሳይበላሽ እንውጣ ይላል። እሷ አዳመጠችኝ፤ ጨርሶ አላቋረጠችኝም።

"አቶ ሰዒድ፣ ባህሉን አከብራለሁ" አለች። "ግን እዚያ የተጻፈው ሌላ፣ ያነበቡት ሌላ ነው። አንድ ሰው ታሪኩን ነግሯቸው ቢሆን የሚሆነው እንደዚሁ ነው። እርስዎ ነጋዴ ነዎት፣ ለዕቃዎ ይሟገታሉ። አልፈርድብዎትም።"

 ዕድሜ ልኬን ለዕቃዬ ስሟገት ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ዕቃው እውነተኛ ሲሆን የሚያምነኝ አጣሁ።

መኪናዎቹ ሲሄዱ ለሚ ከበሩ ተነስቶ ወደ ሚስቱ ሄደ። እኔን አልሰደበኝም። ጠመኔውን ከእጇ ተቀብሎ መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሼ ታደሰ ትንሽ ሲሻላቸው ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስፌቱ እንዳይፈታ ፈርቼ በዝግታ ነበር የነገርኳቸው። ሲሰሙ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ሳቁ አመማቸው። "ለሽማግሌው ክብር ብላችሁ!" አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

"ስሙን በአፍ አይጠሩም" አሉ። "በእጅ ቢጽፉትስ? ይህን ዕድሜዬን ሙሉ ሳስበው ኖሬያለሁ። ጠይቄ አላውቅም፤ እፈራ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ነውር ነው ካለ በአገሩ ያለው ክፍል ሁሉ ይዘጋል። ለዚህ ነው ስሙን ከሰሌዳ የማርቀው።"

እሳቸው የፈሩትን እኔ ልደፍር? ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ብዙ ሳይቆይ ከአዲስ አበባ መልስ መጣ። ቡሬ ይቀጥላል፤ ለያዮ የታሰበው መጽሐፍ ወደ ቡሬ ይዞራል። ሊቀመንበራችን ደወሉን ሳያንቃጭል ነው የነገረን። አንድ ሰው ሄዶ ኦቦ ገመዳን አመስግኖ ቤቱን ያስረክብ ተባለ። ሁሉም ጣሪያውን አየ። ሄድኩ።

ሚኒባሱ ውስጥ የምለውን ስለማመድ አጠገቤ ያለው ሰው ዱዓ የማደርግ መስሎት ድምፁን ቀነሰልኝ። ከአስፋልቱ ወርጄ በጫካው ስገባ ቡናው ቀልቷል፤ ከየቁጥቋጦው ሥር የለቃሚ ድምፅ ይሰማል። ክፍሉ ባዶ እንደሚሆን እርግጠኛ ነበርኩ። ለአንድ ጊዜ እንኳ ባዶ ቢሆንልኝ ብዬ ተመኘሁ፤ ፊታቸውን ሳላይ እንድነግር።

ባዶ አልነበረም። ሴቶቹ ቅርጫታቸውን በር ላይ ደርድረው ገብተዋል። ያለ አስተማሪ ተቀምጠው አንዷ ሌላዋን ታስጠናለች። ኦቦ ገመዳ ደግሞ ከውስጥ፣ ከግድግዳው ጥግ፣ ቆመዋል። እዚያ ቤት ውስጥ በትምህርት ሰዓት ገብተው አያውቁም። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተዋል።

ሰላምታ ሰጥቼ የመጣሁበትን ልጀምር ስል አስቆሙኝ።

"አሮጊቷ ባለቤቴ ነገረችኝ" አሉ። "እንግዶቹ የከፋቸው በእኔ ስም ነው አሉ። እውነት ነው?"

"በእርስዎ አይደለም ኦቦ፤ በእኛ ነው። እኛ ነን የጻፍነው።"

"እዚያ ላይ ነበርኩ?" ብለው በከዘራቸው ሰሌዳውን አመለከቱ።

"ነበሩ።"

ባዶውን ሰሌዳ አዩት። ሌላ ነገር ሊጠይቁ ሲሉ ለሚ ከነጆንያው በር ላይ ደረሰ። ሚስቱን ሊወስድ ነው የመጣው። አባቱን ሲያይ እግሩ ደጃፉ ላይ ቀረ።

ጫልቱ ያኔ ተነሳች። ልጁ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። ከመስኮቱ ጠመኔውን አነሳች፤ ማንም አላዘዛትም፣ ማንንም አላየች። ምን ልታደርግ እንደሆነ የገባኝ የመጀመሪያውን ፊደል ስትጽፍ ነው።  ጋሼ ታደሰ ዕድሜያቸውን ሙሉ የፈሩት ነገር ዓይኔ ፊት እየተጻፈ ነው። ነውር ይሁን አይሁን የሚያውቅ የለም፤ ከዚያ በፊት መጻፍ የቻለች ምራት በዚያ ሰፈር አልነበረችማ። "ኦቦ ገመዳ ቤት ሰጡን" ብላ ጻፈች። ፊደሉ ትልልቅ ነበር፣ ትንሽ ወደ ላይ ያዘነበለ። ጠመኔውን አስቀምጣ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ኦቦ ገመዳ ወደ ሰሌዳው ቀረቡ።

"ምን ይላል?"

 ያ ሁሉ አንባቢ ተቀምጦ አንዲት ድምፅ አልተሰማም። ሽማግሌው ሴቶቹን አንድ በአንድ አዩ። ሁሉም እንደሚያውቁት፣ አንዷም እንደማትነግራቸው ያን ጊዜ የገባቸው ይመስለኛል። ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ ንገረኝ።"

አነበብኩላቸው። ሁለተኛ አስነበቡኝ።

"እኔ የቱ ጋ ነኝ?"

በጣቴ አሳየኋቸው። ከዘራቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና ጎንበስ ብለው አዩት። ፊታቸውን ለማንበብ ሞከርኩ፤ ገበያ ላይ የሰው ፊት አንብቤ ነው የኖርኩት፣ የእሳቸውን ግን አልቻልኩም። ሊያጠፉት ነው ብዬ እጃቸውን እጠብቃለሁ። እጃቸው ተነሳ። አልነኩትም። ከፊደሉ ትንሽ ራቅ አድርገው፣ በአየር ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር አብረው ሄዱ።

ከዚያ ዞረው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ምራቶቹ እርስ በርስ ተገፋፍተው ቦታ ለቀቁላቸው። ለሚ ጆንያውን እንደያዘ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

"ምን ያቆምሃል?" አሉት። "ቡናውን አንተ ልቀም።"